የሰባት ሰዓቱ መርዶ

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ በኋላ ዘንድሮ የርቀት ትምህርት ጀምሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። በሥራ ቀን በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እረከባለሁ፣ ዕቃ አስረክባለሁ። ዓርብ ግን የራሴ ቀን ናት። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል፣ ከማራገቢያው ሥር ጠረጴዛዬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ። መምህራችን የሰጡን ጥያቄ «ወግና ልማድ ለዘመናዊ ኅብረተሰብና ለፖለቲካ አመራር ምን ፋይዳ አለው?» የሚል ነበር። ጥሩ ውጤት ስለምፈልግ ከትርጉም ጀመርኩ። ወግ ማለት ይህ ነው፣ አመራር ማለት ያ ነው እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ሳነበው ግን ማንም ሰው የሌለበት ገጽ ሆነብኝ።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። እዚህ ከተማ በየሰው ቤት የምንሠራና የሠራን ሴቶች የምንገናኝበት የመልእክት ቡድን አለን። «የእህታችን የሰላማዊት አባት ዛሬ ሌሊት አርፈዋል። ነፍስ ይማር።» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶችና የተገጣጠሙ መዳፎች ተደረደሩ። ጣቴን ወደ ታች ስስብ አንድ አጭር ጽሑፍ አየሁ። የጻፈችው ሰላማዊት ራሷ ነበረች።

«የማን አባት? የኔ?»

ለረጅም ጊዜ ማንም አልመለሰላትም። ሰላማዊት ሃያ ዓመቷ ነው። ኤሮን ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። በዚያች ደቂቃ ማድ ቤት ቆማ፣ እጇ የሳሙና አረፋ እንደሆነ፣ ስልኳን በሁለት ጣት ይዛ እንደምታነብ ታየኝ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔ ግን የጠየቀችኝ ልጅ እጅ ጀርባዬ ላይ ነበር።

ያኔ ዕድሜዬ ሰላማዊት አሁን ካለችበት ያነሰ ነበር። እኔም ኤሮን ሰፈር ነበርኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። በሐምሌ ጅቡቲን የማያውቅ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ተነስቶ አሸዋውን በየመስኮቱ ስንጥቅ ያስገባል፤ ጠዋት የጠረግሽው ወለል ቀትር ላይ እንዳልተጠረገ ይሆናል። አሠሪዎቼ ለእረፍት ፈረንሳይ ሄደው ነበር። ስምንት ክፍል ያለው ቤት ውስጥ እኔና የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀረን። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ አለ፤ እሱም ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ከጥላው ሥር ይሰወራል። አንዳንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ብዬ ሳህኖቹን በስም እጠራቸው ነበር።

ጓደኛዬ ትርንጎ ናት። የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ነበረች። የሁለቱ ቤቶች ጠፍጣፋ ጣሪያ የተያያዘ ሲሆን የሚለየን ወገብ የምታህል ግንብ ብቻ ነች። ጠዋት ልብስ ስናሰጣ፣ አመሻሽ ላይ ስንሰበስብ፣ በዚያች ግንብ ላይ ተደግፈን እናወራለን። የባቲ ልጅ ናት። አባቷን አታውቅም፤ ያሳደገቻት እናቷ ብቻዋን ነች። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ወደ እናቷ ጎረቤት ስልክ ትደውላለች። ጎረቤትየዋ ሮጣ እናትየዋን ትጠራለች፤ ትርንጎም እናቷ ደርሳ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ትጠብቃለች። «ያችን ትንፋሽ ነው የምወደው፤ ለእኔ ብላ እንደሮጠች እሰማዋለሁ» ትለኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት እሑድ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ወጥቼ፣ እግረ መንገዴን እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ገባሁ። እትዬ አስካለ እንደኛው በሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ በኋላ ካርቲየ ሰባት ለከባድ መኪና ሹፌሮች ሽሮና ጥብስ የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ቤት ከፈቱ። የእድራችን ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ። ማኅተም የላቸውም፣ ቢሮ የላቸውም። ግን ሴቶቹ ሲጣሉም ሲታመሙም እግራቸው የሚወስዳቸው ወደዚያች ቤት ነበር። ከባቲ ለትርንጎ ዕቃ የሚያመጡት ሹፌር ጋሽ ተካ አንድ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸው ያለው ፉል አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ።

«ይኸውልሽ በሶው» አሉኝ። «ሐሙስ ዕለት በእጇ ነው የሰጠችኝ። ሰመራ ደርሼ መኪናው ሲበላሽብኝ ሁለት ቀን ቆምኩ። እዚያው ሳለሁ ነው ተደውሎ የነገሩኝ። ዓርብ ጠዋት ወድቃ አልተነሳችም።»

«ማን?» አልኩ፤ ማን እንደሆነች እያወቅሁ።

እትዬ አስካለ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ በልቤ ሲመላለስ ይኖራል። ሰብለ የምትባል፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ የስልክ መደወያ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ የእድሩ ጸሐፊ ነበረች። እሷም ሰምታ መጣች።

«አሁኑኑ ደውለን እንንገራት» አለች ሰብለ።

«ማንም ስልክ እንዳያነሳ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እትዬ፣ ትልቅ ሰው ናት እኮ! የናቷን ሞት ማወቅ መብቷ ነው። ወሬውን ከልክለን ምን ልንሆን ነው?»

«አልከለክላትም። ብቻዋን እንዳትቀበለው ነው የምለው።»

«እስከዚያ ትስቃለቻ! እናቷ አፈር ገብታ እሷ ጣሪያ ላይ ቆማ ትስቃለች!»

እትዬ አስካለ የሽሮውን ድስት ከእሳት አወረዱ። «ትሳቅ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ በኋላ እንዲህ አትስቅም።»

ሰብለ ክፉ አልነበረችም። የተናገረችውም ውሸት አልነበረም። እትዬ አስካለ ግን ከዓመት በፊት የሆነውን አልረሱም። አንዲት ልጅ ልብስ እየተኮሰች ሳለ ወንድሟ ደውሎ የአባታቸውን ሞት ነገራት። በሩ ከውጭ ተቆልፎባት ነበር። እስኪመሽ ብቻዋን ጮኸች፤ ጎረቤት ጠብ መስሎት ዝም አለ። ማታ ባለቤቶቹ ሲመጡ ፊቷን ታጥባ እራት አቀረበች። እትዬ አስካለ ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ የሚያቆሙት እዚያ ላይ ነበር፣ «እራት አቀረበች» ብለው።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ትርንጎ ረቡዕ ማታ መደወሏ ስለማይቀር፣ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ትሰማለች። ደግሞም ሦስት ቀን ለቅሶ ትቀመጣለች እንጂ ያን ዕለት ለማንም እራት አታቀርብም። ግን መቼ? በአገራችን መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ። እዚህ ጎህ ሲቀድ እኛ ሴቶች ለሰው ልጆች ቁርስ እያቀረብን ነው። ማታም አንወጣም።

እትዬ አስካለ ትንሽ አሰቡና «እዚህ አገር ሰው የሚተኛው በቀን አይደል እንዴ?» አሉ። «ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ይገባል፣ ከተማው ይዘጋል፣ ጌቶቹ እስከ አሥር ሰዓት አይፈልጓችሁም። በቃ፣ የእኛ ጎህ ሰባት ሰዓት ነው። ረቡዕ።»

በሶውን ይዤ ሄድኩ። አልጋዬ ሥር ከተትኩት። የተቆላው ገብስ ሽታ በጨርቁ አልፎ ክፍሉን ሞላው። ያን ሰሞን የቀመስኩት ብቸኝነት ከሰው በመራቅ የሚመጣው ዓይነት አልነበረም። ከምወዳት ልጅ ጋር በአንዲት ግንብ ተደግፌ ቆሜ፣ እሷ በማታውቀው ነገር ተለይቼ ነበር።

«ጋሽ ተካ አልመጡም?» አለችኝ ሰኞ ማታ አንሶላ እያጠፈች።

«መኪናቸው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ናቸው አሉ።»

«እማዬ በሶ ልካለሁ ብላኛለች። ያ ሽማግሌ ዘይት ቀብቶ እንዳይበላብኝ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች። «ምነው አንቺ ልጅ? ፊትሽ እንዳደረ ባጌት ዳቦ ደረቀብኝ። ደህና ወሬ የለም እንዴ ከቤት?»

«ሙቀቱ ነው» አልኳት።

«ሙቀቱማ ለእኔም አለ። ብይ፣ ብይ እንጂ!» ብላ ግማሽ ሙዝ በግንቡ ላይ አሻገረችልኝ። በላሁት።

ማክሰኞ ትርንጎ የቤቱን ትንሽ ልጅ ቁርዓን ቤት ስታደርስ ጠብቀን፣ እትዬ አስካለና እኔ ወደ አሠሪዋ ቤት ገባን። ጌትየው በአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሹም ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሁለት ስልክ ያለው፣ ትሑት ሰው ነበር። እትዬ አስካለ በተሰባበረ ሶማልኛ አስረዱት። እኔም ያን ጊዜ ነገሩን ለመከታተል የሚበቃ ሶማልኛ ነበረኝ።

«ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል» አለ ከልቡ። «ግን ስልክ ለምን ተሠራ? ዛሬውኑ ይደወልላት። ግማሽ ቀን ትረፍ። ሃያ ሴት እቤቴ ስትገባ ግን ጎረቤት ምን ይላል?»

እናቱ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ቤቱ ሁሉ አዬዮ ነው የሚላቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛ ይችላሉ። በዚያ ሰዓት ግን ልጃቸውን በቋንቋቸው ነበር የጠየቁት።

«አባትህ የሞተ ጊዜ የት ነበርክ?»

«ፈረንሳይ። ተማሪ ነበርኩ፣ ታውቂያለሽ።»

«ማን ነገረህ?»

«አጎቴ።»

«በምን?»

አንዱ ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳውም። «መጣ» አለ በመጨረሻ። «በአውሮፕላን መጣ። በሩን ስከፍት ቆሞ አገኘሁት።»

«ስልክ አልነበረም?»

«ነበር።»

አዬዮ ወደ እትዬ አስካለ ዞር ብለው በአማርኛ «በጓሮ በር እንዳትመጡ» አሉ። «በፊት ለፊቱ በር ግቡ። ምንጣፉን እኔ አስነጥፋለሁ።»

ረቡዕ ቀትር ላይ የጫት መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ አለፉ። ከዚያ ከተማው ጭጭ አለ። ሁላችን እኔ በምሠራበት ቤት ግቢ ውስጥ ተሰብስበን፣ ከዚያ በአንድነት ወደ ጎረቤት በፊት ለፊት በር እንድንሄድ ነበር የተነጋገርነው። እትዬ አስካለ አንድ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ «ነጠላችሁን በቦርሳችሁ ያዙ። ከመናገራችን በፊት ማንም ለቀስተኛ እንዳይመስል።» ዘበኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንደተኛ ሰው ሆነልን።

ስህተቱን ያሠራን ፀሐይዋ ናት። አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ይይዛል። ከሩቅ ሰፈር፣ ከዋራበሌ ሳይቀር፣ በእግር የመጡ ነበሩ። ማንም በዚያ ጠራራ አናቱን ገልጦ መሄድ አልቻለም። አንዷ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ሌላዋም አወጣች። እጅ ደግሞ የለመደውን ያደርጋል፤ ለቅሶ እየሄዱ እንደሆነ ልባቸው ስለሚያውቅ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው ነው የደረቡት። ከየአቅጣጫው፣ ሰው በሌለበት መንገድ፣ ነጭ ለባሽ ሴቶች አንድ በአንድ ወደ እኔ በር ይመጣሉ።

ትርንጎ ጣሪያ ላይ ነበረች።

አዬዮ ቀደም ብለው አጠገባቸው አስቀምጠው ምሳ እንድትበላ አስገድደዋታል። ያን ጊዜ አልገባትም። በልታ ስትጨርስ የረሳችውን ልብስ ልታነሳ ወጣች። ከዚያ ላይ ሆና የተገለበጠውን ነጠላ አየች፣ በማን በር እንደሚገቡ አየች። የእኔ የሰሞኑ ፊት ትዝ አላት። ግንቡን ዘልላ፣ በእኛ ቤት ደረጃ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወረደች። ሴቶቹን በትከሻዋ እየገፋች መጥታ አቀፈችኝ።

«ስንዱዬ! ስንዱዬ እህቴን! አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ!» ታለቅሳለች። ለእኔ ነበር የምታለቅሰው። «ማን ነው? አባትሽ ነው? አውቄ ነበር እኮ፣ ከሰኞ ጀምሮ ፊትሽን አይቼ አውቄ ነበር!»

ላብና እንባዋ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ዙሪያችን የቆሙት ሴቶች አንዳቸውም እኔን ለማጽናናት አልተጠጉም። ጀርባዬን የሚደባብሰው እጇ ቀስ እያለ ሄደ፣ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሰብለን አየች፣ ከዚያ እትዬ አስካለን። ሁሉም የሚያዩት እሷን ነበር።

«የማን ነው?» አለች። «የኔ?»

«ትርንጎ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ እትዬ አስካለ። ፊት ለፊቷ መሬት ላይ፣ በዚያ በሚያቃጥል ሲሚንቶ ላይ፣ ቀድመው የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ሁለት እጇን ያዙ። «እናትሽ ዓርብ ጠዋት አርፋለች። አልታመመችም፣ አልተሠቃየችም። ጎረቤቶቿ ነበሩ። በደንብ ተቀብራለች።» ምንም አልሸፈኑም። ቃላቸውን ጨርሰው አልተነሱም፤ እንደያዟት ቀሩ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ከጩኸቱ መሐል የጠየቀችው አንድ ነገር ግን ትዝ ይለኛል። «ዝናብ ነበር? ሲቀብሯት ይዘንብ ነበር?» እኔ የምመልሰው አላጣሁም፤ ጋሽ ተካ ነግረውኝ ነበርና። «አባርቶ ነበር» አልኳት።

የጎረቤት በር ተከፈተ። አዬዮ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ በዚያች ፀሐይ፣ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። በፊት ለፊት በር ልናልፍ የተዘጋጀነው ሁሉ ቀርቶ እሳቸው ወደ እኛ መጡ። ሹሙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ያን ዕለት እራት ያቀረበችው ሚስቱ ናት። ሦስት ቀን ትርንጎ በአሠሪዎቿ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ንፍሮ በጨርቅ ቋጥረው ይመጡ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሶውን አመጣሁላት። ለረጅም ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ በውሃ በጥብጣ ለሁላችንም ቀዳች፤ መጀመሪያ ለአዬዮ።

ይህን ስጽፍ ወጉ ሁሉ ያማረ ነበር ብዬ መምህሬን ማሳመን አልፈልግም። ትርንጎ ከዓመታት በኋላ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ጠየቅኳት። «እሑድ ዕለት ልነግርሽ ይገባ ነበር?» አልኳት።

«ሰኞ ማታ ሳቄን አስታውሳለሁ» አለችኝ። «በዚያ ሳቅ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ያን ያደረጋችሁብኝ እናንተ ናችሁ። ግን ሲደርስብኝ አንቺን አቅፌ ነበር። ሁለቱንም ነው የምልሽ።»

ሁለቱንም ይዤ ኖሬአለሁ። እትዬ አስካለ ዛሬ በሕይወት የሉም። ምግብ ቤታቸው የስልክ ካርድ መሸጫ ሆኗል። ዛሬ የአገር መሪዎች ሳይቀሩ የከፋውን ወሬ በስልክ መስኮት ለቀው ዘወር ይላሉ፤ ልጅ ያለቀበትም፣ ኑሮ የተወደደበትም ሰው የየራሱን ክፍል ዘግቶ ብቻውን ያነበዋል። ያኔ ደግሞ አንዲት ሽሮ ሻጭ፣ ሰዓቱን ከጎህ ወደ ቀትር ስታዛውር ቅንጣት አላመነታችም፤ ሰዎቹ በአካል መገኘታቸውን ግን ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። ከወግ ውስጥ የቱ እንደሚለወጥ፣ የቱ እንደማይነካ ማወቅ፣ ከዚያም ክፉውን ነገር በራስ አፍ ተናግሮ አለመነሳት፤ ስለ አመራር እኔ የማውቀው ይህንን ነው። የትርጉም ገጼን ቀድጄ ይህን ጻፍኩ።

ከመጻፌ በፊት ግን፣ ያኑ ዓርብ፣ ስልኬን አንስቼ ለሦስት ሴቶች ደወልኩ። ሰብለ አንዷ ናት፤ አሁን የልጆች እናት ሆናለች። «ሰላማዊት አውቃዋለች እኮ፣ አንብባዋለች፣ ምን ልንላት ነው?» አለችኝ። «ነይ ብቻ» አልኳት።

ሰባት ሰዓት ላይ ኤሮን ደረስን። አስፋልቱ እንደ ድሮው ጫማ ይይዛል። ደወሉን ስንጫን ሰላማዊት ራሷ ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። ሽርጧን አልፈታችም። አራታችንን በየተራ አየችን፣ ግር አላት።

«አውቄዋለሁ እኮ» አለች። «ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ። በዚህ ፀሐይ ለምን ደከማችሁ?»

«እናውቃለን» አልኳት፣ እጇን ይዤ። «ግን ማንም አልነገረሽም።»

ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ከጎኔ ተቀመጠች።